የተዝካሩ በሬ ሳሙና

ባሌ የሞተው በተስቦ ነው። ተስቦ በቅማል እንደሚተላለፍ ከመንደር መንደር እየዞረ ሲያስተምር የነበረ ሰው፣ ከበሽተኛ ልብስ ላይ በተሻገረ ቅማል ሞተ። ይህን ስነግረው ሰው ሁሉ ከንፈሩን ይመጥጣል። እኔ ግን ሳስበው የሚመጣብኝ ንዴት ነው፤ ንዴቱም ቢሆን ከብዙ ዓመት በኋላ የመጣ ነው። በጊዜው ምንም አልተሰማኝም።

ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከተማው ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረው፣ እኔም እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ። ባሌ ደግሞ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ከዘንገና ሐይቅ ብዙ የማይርቅ መንደር ተወልዶ፣ ጎንደር ሄዶ ድሬሰርነት፣ ማለት የሐኪም ረዳትነት፣ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነው። የምንኖረው በእናቱ ግቢ፣ እሱ በሠራት ትንሽ የሣር ቤት ነበር። የእናቱ ቤት ከፊት፣ የእኛ ከኋላ፣ ዙሪያውን የቀርከሃ አጥር። አማቴ የሚናገሩት አገውኛ ነው፤ አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፣ አጭርና ቀጥ ያለ። የእኔ አገውኛ ደግሞ ከሳቸው አማርኛ የባሰ ነበር። በመሀላችን የሚያስተረጉመው እሱ ነው። እሱ ሲሞት ሁለታችንም ዲዳ ሆነን ቀረን።

ለቅሶው ከአገሩ ወግ አንድም አልጎደለበትም። ፈረሱ ተሸልሞ፣ ጋቢው ኮርቻው ላይ ተጥሎ፣ በለቅሶተኛው መሀል እየተሳበ ዞረ። ሴቶቹ በአገውኛ ሙሾ አወረዱ። አማቴ ፊታቸውን ነጩ። እኔ ጸጉሬን ተላጭቼ፣ ከል ለብሼ፣ መሀላቸው ቆሜ የፈረሱን እግር እቆጥር ነበር። አራት ነው። ደግሜ ብቆጥርም አራት ነው። ከዓይኔ ጠብ ያለ ነገር የለም፣ ሴቶቹም አዩኝ። አማርኛ የማይችሉት ሁሉ «ዓይነ ደረቅ» የሚለውን ይችሉታል።

ከሁሉም በላይ ያየኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ወንድሙን ይወድ ነበር፣ የወንድሙ ሚስት አለማልቀሷን ግን ሊውጠው አልቻለም። ልጅ ስላልወለድን በዚያ ግቢ የሚያስቀረኝ ነገር አልነበረም። አባቴም ከዳንግላ መልእክት ልኮ ነበር፤ የእንጀራ እናቴ ዘመድ የሆነ፣ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ነጋዴ እንዳለና ተመልሼ እንድመጣ። ስለዚህ የባሌ ወንድም ከፋሲካ በፊት ወደ አባቴ ቤት እንድሰደድ እናቱን ጠየቃቸው። አማቴ እሺም እምቢም አላሉም።

እውነቱን ልናገር። መሄዱ አላስፈራኝም፣ መቅረቱም አላጓጓኝም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ዳንግላ ውስጥ እሱን የሚያውቅ ሰው የለም። የተኛበት መደብ፣ ኮቱን የሚሰቅልበት ሚስማር፣ ሲገርማቸው እንደ እሱ አፍንጫቸውን የሚሸበሽቡት እናቱ ያሉት እዚያ ግቢ ውስጥ ብቻ ነው። ከዚያ ከወጣሁ ጨርሶ ይጠፋብኛል ብዬ አሰብኩ። አሰብኩ እንጂ አልተሰማኝም፤ ልዩነቱን ያየ ያውቀዋል።

ዐርባው የዋለው ቅበላ ላይ ነው። ለተዝካሩ አንድ በሬ ታረደ፣ ካህናቱ ፍትሐት አደረሱ፣ አገር ምድሩ በልቶ ሄደ። ወዲያው ሁዳዴ ገባ። አማቴ የቤቱን ዕቃ ሁሉ አውጥተው፣ የቅባት ጠረን እንዳይቀር በአመድና በፈላ ውሃ ሲፈትጉ ዋሉ። ጾም ላይ እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። በየቀኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አፋቸው አይገባም። የበሬው ሞራ ግን ተጠቅልሎ፣ ሰው ሁሉ ረስቶት፣ ከቤቴ ጣሪያ ሥር ተንጠልጥሎ ቀረ።

የሟች ልብስ ለነፍሱ ይመጸወታል። ሁለቱ ሸሚዞቹና ጋቢው በስልቻ ታስረው አማቴ ቤት ተቀምጠው ነበር፤ ጋቢው ለንስሐ አባቱ ለትንሣኤ እንዲሰጥ ታስቦ። ስልቻው ሳይፈታ ማለት ነው፣ ሳይታጠብ። ባሌ የቅማል ኩስ ጨርቅ ውስጥ ደርቆ ወራት እንደሚቆይ፣ በሽታውም አብሮት እንደሚቆይ ነግሮኝ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ብዬ አስላሁ፤ ዝም ካልን ቄሱን በጋቢ እንገድላቸዋለን። ይህን የማስበው ደግሞ ስለ ዝናብ እንደሚያስብ ሰው፣ እንዲሁ በቀዝቃዛው ነበር።

አማቴ ዘንድ ገብቼ ልብሱ በሳሙና ተቀቅሎ መታጠብ እንዳለበት በእጅም በአፍም አስረዳሁ። እንዶድ አሳዩኝ። እንዶድ ነጭ ልብስ ያነጣል፣ የላብና የቅባት ቆሻሻን ግን እንደ ሳሙና ጠርጎ አያወጣም ይል ነበር እሱ። ከገበያ ሳሙና ላምጣ አልኩ።

«የምን ሞራ?» አሉኝ። «ማን ባርኮ ያረደው?»

ከየት አገር እንደመጣ የማይታወቅ ሳሙና በልጃቸው ጋቢ ላይ አይነካም ማለታቸው ነው። ያን ጊዜ ጣሪያው ሥር ያለው ትዝ አለኝ።

«የሱ በሬ ሞራ አለ፣ እማማ። እኔ እሠራዋለሁ።»

«ሥሪ» አሉ።

ሳሙና መሥራት ያስተማረኝ እሱ ነው። እንደ ተጋባን ሰሞን፣ ሌላው ባል ለሚስቱ ሻሽ ሲገዛ፣ የኔው ኖራ ተሸክሞ መጣ። ቂጡ የተበሳ እንስራ ውስጥ ጭድ ይነጥፋል፣ በላዩ የወይራ አመድ ይጠቀጥቃል፣ ከዚያ ውሃ ቀስ እያለ ያፈስበታል። ከሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የሚያሟልጭ ነው። እሱን ከኖራ ጋር አፍልቶ ያጠልለዋል። ኖራው የአመዱን ውሃ ስለት ያወጣለታል ይላል። ጥንካሬውን የሚለካው በዕንቁላል ነው፤ ዕንቁላሉ ከሰጠመ ውሃው ቀጥኗል፣ ተንሳፍፎ አናቱ የአምስት ሳንቲም ያህል ከታየ በቅቷል። ከዚያ የተጣራ ሞራ ውስጥ ጨምሮ ግማሽ ቀን እያማሰሉ ማፍላት ነው።

«ውሃና ቅባት ባላንጣ ናቸው» አለኝ፣ እያማሰልኩ እጄ ዝሎ ስነጫነጭ። «ሞራውን የአመዱ ውሃ ሰባብሮ ሌላ ነገር ያደርገዋል። ያ አዲሱ ነገር ባንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ባንድ ጫፉ ቅባት ይወዳል። ቆሻሻ ላይ ስታሺው ባንድ እጁ ቅባቱን ይይዛል፣ በሌላው ውሃውን ይይዝና ይዞት ይሄዳል። ሽማግሌ በይው።»

«ሽማግሌ እንዲህ አያንገላታም» አልኩት። አፍንጫውን ሸብሽቦ ሳቀ።

ጨው ሲጨመርበት ሳሙናው እንደ አይብ ተቋጥሮ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከሥር ጥቁር ውሃ ይቀራል። ያ ይደፋል። ሳሙናው ገበታ ላይ ፈስሶ ሲረጋ በሲባጎ ይቆረጣል። መብሰሉ የሚታወቀው ደግሞ በምላስ ነው። ጫፉን በምላስሽ ንኪው ይለኛል፣ ቢቆነጥጥሽ የአመዱ ውሃ ገና አልሞተም፣ እጅ ይልጣል። ካልቆነጠጠሽ በስሏል። ሌላ መለኪያ አላስተማረኝም። በቅበላና በፍስክ ነበር የምንሠራው፣ ጾም ላይ ሠርተን አናውቅም።

ለሱ ልብስ የሠራሁት ሳሙና ግን በሁዳዴ ሦስተኛው ሳምንት ነው የተሠራው። የጾሙ ዕቃ እንዳይነካ በአንድ አሮጌ ትልቅ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ከግቢው ጥግ፣ ነፋሱ ጠረኑን ወደ አጥሩ በሚወስድበት በኩል ሆኜ አፈላሁት። ዕንቁላሉ ተንሳፈፈ። ጨው ጨመርኩበት፣ ተቋጠረ። ቆረጥኩት። ከዚያ ሳሙናውን ይዤ ወደ አፌ ሳስጠጋ እጄ ቆመ።

የበሬ ሞራ ነው፤ ሁዳዴ ነው።

አሁን ሲያስቡት ያስቃል። እሱ ቢኖር፣ ሞራው በስሎ ሳሙና ከሆነ ሞራ የሚባል ነገር የለም ብሎ ይከራከረኝ ነበር። እሺ፣ ከበሰለ ጾም አያስፈታም። ካልበሰለ ግን ሞራ አለበት፣ ያስፈታል። መብሰሉን ለማወቅ ደግሞ መቅመስ ነው። ቄስ ልጠይቅ አላልኩም፣ ማንም ጠይቂ አላለኝም። በዚያ አገር በሁዳዴ ሞራ ምላሱ ላይ የሚያደርግ ሰው አልተፈጠረም፣ እኔም ከሰው አልለይም። በዓይኔ አየሁትና በስሏል አልኩ።

በማግስቱ ስልቻውን ፈትቼ ልብሱን ምንጭ አወረድኩ። መጀመሪያ ሸሚዞቹን አሸሁ። ውሃው ይበርዳል። ማሸቱን ብቻ ነው የማውቀው፤ አሸት አደርጋለሁ፣ እነክራለሁ፣ ደግሞ አሸት አደርጋለሁ። ስንት ሰዓት እንደቆየሁ እንጃ። አማቴ እንስራ ይዘው ሲወርዱ አየኋቸው። እንስራውን አስቀምጠው ወደ እኔ ሮጡ። አማቴ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር።

«እጅሽ! እጅሽ!»

ወደ ታች አየሁ። ነጩ ሸሚዝ ላይ ደም አለ። የጣቶቼ ቆዳ ተልጦ፣ መዳፌ ጥሬ ሥጋ መስሏል። የማን ደም እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ጊዜ ወሰደብኝ። አልተሰማኝማ። አማቴ ሳሙናውን ከእጄ ነጥቀው ወረወሩት፤ ከዚያ እንደገና ሄደው አነሱት፣ የልጃቸው በሬ ነውና።

ወሬው የባሌ ወንድም ዘንድ ደረሰ። በዚያው ቀን ማታ መጥቶ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ እኔ እንድሰማ ብሎ በአማርኛ ተናገረ።

«እጇ ሲላጥ ያልተሰማት ሴት፣ ወንድሜ ሲሞት ምኗን ይሰማት? እንጨት ናት። በሚመጣው ገበያ ቀን ፈረስ አመጣለሁ፣ አውራ ጎዳናው ድረስ አደርሳታለሁ፣ ከዚያ መኪና አለ።»

አልተቀየምኩትም። ትክክል ነው ብዬ ነበር። ውስጤን ስዳብሰው እንጨት ነበር። አማቴ እጄን ቅቤ ሊቀቡኝ ፈልገው ጾም መሆኑ ትዝ ብሏቸው በኑግ ዘይት ጠቀለሉልኝ።

በቀሩት ቀናት ያን ሳሙና እንደገና አቀለጥኩት። ስለቱ የበዛው ሞራ ስላነሰው ነውና፣ የተረፈውን ሞራ ጨምሬ፣ ውሃ ጨምሬ፣ እጄ እንደተጠቀለለ በሁለት ክንዴ ማማሰያውን ይዤ ዋልኩ። ለምን እንደዚያ እንዳደረግሁ ብትጠይቁኝ፣ ጋቢው ገና ስላልታጠበ ነው። የሚሄድ ሰው ሥራ ጀምሮ አይሄድም። ጨው ጨመርኩ፣ ተቋጠረ፣ ረጋ፣ ቆረጥኩት። መልኩ የመጀመሪያውን ይመስላል። የመጀመሪያውም ጥሩ ይመስል ነበርና፣ መልክ እንደማይረባ አውቄአለሁ። ፋሲካ እስኪሆን ይቀመጥና ያኔ እቀምሰዋለሁ እንዳልል፣ ጋቢው ለትንሣኤ መድረስ አለበት። እኔም ያኔ እዚያ አልኖርም።

የገበያው ቀን ጠዋት፣ ትንሿን ጥቅሌን ቋጥሬ፣ ሳሙናውን በቅጠል ይዤ አማቴ ቤት ገባሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ጾሙ የሚፈታው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሳሙናውን ፊታቸው አስቀመጥኩ።

«እማማ፣ ይኸው ሳሙናው። መብሰሉን አላውቅም። በምላስ ነው የሚለካው፤ ጾም ነውና እኔ አልለካሁትም። ጋቢው ቢዘገይም ከፋሲካ በኋላ ሰው ያስለኩበት። ሳይለኩ በእጅዎ እንዳይነኩት።»

ግማሹ ገብቷቸው እንደሆነ አላውቅም። ምላስ የሚለውን አፌን በጣቴ እየነካሁ ነው ያስረዳሁት። ሳሙናውን አነሱና አገላበጡት። ከዚያ የተጠቀለለ እጄን አዩ። አማተቡ። ሳሙናውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ምላሳቸውን አስነኩት።

ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠላ እንደሚቀምስ ሰው ትንሽ ቆዩ። ደግመው ነኩት፣ በሌላው ጫፍ በኩል።

«አይቆነጥጥም» አሉኝ።

«እማማ፣ ጾሙ!»

«የኔ ጾም ነው። እኔ እናገራለሁ ለንስሐ አባቴ።» ሳሙናውን እጄ ላይ ሳይሆን ጥቅሌ ላይ አስቀመጡት። «ያንቺ እጅ፣ ልጄ የያዘው እጅ ነው። ሁለተኛ አይቃጠልም። ነይ፣ ውሃ ይፍላ።»

እሳቱን ያነደዱት እሳቸው ናቸው። ጋቢውን ትልቁ ጣሳ ውስጥ አስገብተን ቀቀልነው፣ አውጥተን ገበታ ላይ አደረግነው፣ እኔ በተጠቀለለው እጄ፣ እሳቸው በባዶ እጃቸው ማሸት ጀመርን። አረፋው መጣ። ያቺን አረፋ እሱ ሲያያት እንዴት እንደሚደሰት አውቃለሁ፤ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ነበር የሚሆነው። እጄን የጠቀለለው ጨርቅ ውሃ ገባበት። መጀመሪያ ሙቀት መሰለኝ። ቀጥሎ እጄ አቃጠለኝ፤ ከዚያ ቀን በፊት የነበረው ሁሉ አንድ ላይ የመጣ ይመስል አቃጠለኝ። «አመመኝ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ያወጣሁት ድምፅ የምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጎረቤት አዲስ ሞት የመጣ መስሎት እየሮጠ ገባ። አማቴ ማሸታቸውን አላቆሙም፣ እኔንም ዝም በይ አላሉኝም።

የባሌ ወንድም ፈረሱን እየሳበ የደረሰው በዚህ መሀል ነው። ፈረሱ የባሌ ፈረስ ነው። አጥሩ በር ላይ ቆሞ በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቀ። አማቴ ሁልጊዜ ለልጃቸው በአገውኛ ነው የሚመልሱት። ያን ቀን ግን ቀና ሳይሉ፣ እኔ እንድሰማ በአማርኛ መለሱለት።

«ልብስ እያጠበች ነው። ፈረሱን መልስ።»

ፈረሱን መለሰ።

የሱም የእናቱም ንስሐ አባት የሆኑት ቄስ ጋቢውን ለትንሣኤ ተቀበሉ፤ ነጭ፣ የተቀቀለ፣ ቅማል ያልጎበኘው። አማቴ ጾም በመግደፋቸው ንስሐ ሲገቡ ቄሱ ስግደት አዘዙባቸው፤ ያንኑ ጋቢ ለብሰው ነው ያዘዙት። አማቴ ከዚያ በኋላ ጉልበታቸውን ባመማቸው ቁጥር ሳሙናውን በአገውኛ ይረግሙት ነበር። እርግማኑን ቶሎ ለመድኩት፤ መጀመሪያ በደንብ ያወቅሁት አገውኛ እሱ ነው።

በዚያ ግቢ ስድስት ዓመት አብሬአቸው ኖርኩ። የሞቱት በሁዳዴ ነው፣ ከሰሙነ ሕማማት በፊት ባለው ሳምንት። ገናዦቹ ሴቶች መጥተው ሳሙና ሲጠይቁኝ፣ በቅበላ የሠራሁት አንድ ቁራጭ ነበረኝ፤ ገና በምላስ አልተለካም። ሬሳ ምንም እንደማይሰማው፣ ቢቆነጥጥም ባይቆነጥጥም ለሳቸው አንድ መሆኑን አውቃለሁ። ሴቶቹ ውሃ ይዘው እየጠበቁኝ ነው። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አማተብኩና ሳሙናውን በምላሴ ነካሁት። ከዚያ ሰጠኋቸው።